የጋሽ ይማም ሳሙና

የስልኩ ድምፅ ይቆራረጥ ነበር። የደወለልኝ ሰው ድሮ በሸዋ ሮቢት የባለ እጆች ማህበር የግምጃ ቤት ጠባቂ የነበረ ነው። በዓመት አንዴ፣ ለበዓል ካልሆነ አንደዋወልም። ሰላምታውን አሳጠረና፣ «ይማም ሳሙና ሞተ። አሁን ከቀብር መመለሴ ነው» አለኝ።

«ማን?» አልኩት። ሰምቼው ነበር።

«ይማም ሳሙና ነዋ። ያ ቀጥቃጩ። ረሳኸው እንዴ?»

አልረሳኋቸውም። ደዋዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ በሬሳ ላይ የሚሳለቅም አይደለም። ከተማው በሙሉ እንዲህ ብሎ ስለሚጠራቸው፣ ስሙ ስድብ መሆኑ ከተረሳ ቆይቷል። እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የመጣው ከአፌ ነው። ስሕተት ከማይገኝባት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር።

ሰው ስለ ጋሽ ይማም ሲጠይቀኝ ብዙ ጊዜ ወደ ቀልዱ እሮጣለሁ። ቀልድም ነበራቸው። ዛሬም ከሱ ልጀምር፤ ወደ ሌላው መድረሴ አይቀርም።

ሸዋ ሮቢት የወረድኩት በደርግ ዘመን፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ወር ነው። ለባለ እጆች ማህበሩ «የቴክኒክ ኃላፊ» ተብዬ ተመድቤ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ከአውቶቡስ ስወርድ በአንድ እጄ ሻንጣ ይዣለሁ፤ በደረት ኪሴ ውስጥ የብረት መለኪያ ካሊፐር አለ፤ ሰው እንዲያየው ጫፉን ወጣ አድርጌዋለሁ። ከአስፋልቱ የሚነሳው ወበቅ ፊቴን ሲለበልበኝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የለበስኩትን ሹራብ ለማውለቅ እንኳ ክብሬ አልፈቀደልኝም።

የማህበሩ ሥራ ቤት አሮጌ የጥጥ መጋዘን ነበር። ከፊት ሸማኔዎቹ፣ ከመሀል አናጢዎቹ፣ ከኋላ በር ውጪ ደግሞ ከሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር ቀጥቃጮቹ ይሠሩ ነበር። ቀጥቃጮቹ ስል ጋሽ ይማምን ማለቴ ነው፤ ሌላ አልነበረም። በየስብሰባው ባለ እጅን መናቅ የድሮው ሥርዓት ነውር እንደሆነ ይነገራል፤ እናጨበጭባለን። ምሳ ሲደርስ ግን ሸማኔዎቹ ሳህናቸውን ይዘው ለጋሽ ይማም ጀርባቸውን ይሰጣሉ። የቀጥቃጭ ዐይን ምግባችን ላይ እንዳያርፍ ብለው ነው። እሳቸውም ያን አውቀው፣ ሰው ሲበላ ሁልጊዜ ወደ ሮቢ ወንዝ አቅጣጫ ዞረው ይቀመጡ ነበር።

ሥራው አሉሚኒየም ነው። ከደብረ ሲና በታች ባለው ቁልቁለት ተገልብጠው የቀሩ የአውቶቡሶችና የቦቴዎች ልባስ እየተገፈፈ ይመጣል። ከሱ ጎድጓዳ ሳህን፣ ማንቆርቆሪያ፣ የወተት ዕቃ ይቀጠቀጣል። ቀላል ነው፣ አይዝግም፤ ገበሬው ከአጣዬና ከካራቆሬ ድረስ እየመጣ ይገዛዋል።

በመጀመሪያው ቀን ችሎታዬን ላሳይ ተነሳሁ። አሉሚኒየም ሲቀጠቀጥ እየጠነከረ፣ ቀጥሎም እየተሰነጠቀ ስለሚሄድ፣ በየመሀሉ በእሳት ማለስለስ እንደሚያስፈልግ ከመጽሐፌ አውቃለሁ። የሚያስፈልገውን የሙቀት መጠን እንኳ በቃሌ ይዤዋለሁ። የምለካበት መሣሪያ ግን አልነበረኝም። እንግዲያው አንድ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ፍሙ ላይ አኖርኩና፣ እንደ ብረት እስኪቀላ እጠብቃለሁ ብዬ ወናፉን እነፋ ጀመር። ቆርቆሮው አልቀላም። ነፋሁ። አሁንም አልቀላም። መልኩን ሳይለውጥ፣ እንደነጣ፣ ድንገት መሀሉ ወረደና ፍሙ ውስጥ ፈሶ ገባ።

ጋሽ ይማም ከሮቃው ሥር ያዩኝ ነበር። አካፋ ይዘው መጡ፤ የቀለጠውን ከዐመዱ እየለዩ ዛቁና ወደ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ረጋ ብለው ጠየቁኝ።

«ቴክኒክ ቤት ስንት ዓመት ነው የተማርከው?»

«ሦስት ዓመት።»

«እሱ ሦስት ደቂቃም አልታገሠህ።» ወደ ቆርቆሮው ጠቆሙ። ቀጥለውም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የተማረ ይግደለኝ» አሉ።

ይህችን አባባል ሰው ለሙገሳ ይላታል። እሳቸው ግን በሳቅ አሽተው ነው የሚያወጧት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ መዶሻ ከእጄ ሲያመልጥ፣ ልኬት ስስት፣ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ለብሼ ስመጣ። ስሜም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቴክኒኩ» ሆነ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ከአፋቸው አንድ ቀን አልሰማሁም።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሽርጣቸውን ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው ያሸርጣሉ። ክንዳቸው ላይ ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ነጠብጣብ ሞልቷል። ቆርቆሮ ሲያነሱ አስቀድመው በጥፍራቸው ኳ ያደርጉትና አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጡታል፤ የሚቀበሉትንና የማይቀበሉትን የሚለዩት በዚያ ነው። የሚቀጠቅጡት ግንድ ላይ በተፈለፈለ ጎድጓዳ ውስጥ፣ በእንጨት መዶሻ ነው፤ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ መንዙማ እያዜሙ፤ መዶሻውም ዜማውን ተከትሎ ይወርዳል። ቆርቆሮው ሊሰነጠቅ ሲል ከመዶሻው በፊት የሚቆመው ዜማው ነው። እኔም ሌላ ሥራ ላይ ሆኜ መንዙማው ሲቋረጥ ቀና እል ነበር።

ያን ቆርቆሮ ባቀለጥኩ ማግስት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከሽርጣቸው እጥፋት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የልብስ ሳሙና አወጡ። በደረቁ፣ ያለ ውኃ፣ ቆርቆሮው ላይ አሹት፤ ነጭ መስመር ተወ። እሳቱ ላይ አስቀመጡትና፣ «ፍሙን ተወው፤ ሳሙናውን እይ» አሉኝ። መስመሩ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ቡና ዓይነት። ቀጥሎ ጠቆረ። በጠቆረበት ቅጽበት በጉጠት አነሱት። ሲበርድ ሰጡኝ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት እንደ ሳንቃ ገትሮ የነበረው ቆርቆሮ በእጄ እንደ ለፋ ቆዳ ታጠፈ።

«ብረት ሲግል ይቀላል» አሉኝ። «በቃኝ ብሎ ይነግርሃል። ይኼኛው አፍ የለውም። ዝም እንዳለ ነው የሚሞተው። ሳሙናው ይናገርለታል።»

ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። ሳሙና የሚጠቁርበት ሙቀት፣ እኔ በቃሌ የያዝኩት ቁጥር ጋ የሚደርስ ነው። ሰውየው የሙቀት መለኪያ በሽርጣቸው ይዘው ይዞሩ ነበር ማለት ነው። ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው፣ «ልጅ ሆኜ አሰብ ወደብ ላይ ስሸከም፣ ከአንድ የመናዊ» አሉኝ። «እሱ ከማን እንደተማረው አልጠየቅኩትም። ይኸው አሁን ላንተ። አንተም ነገ ለሌላ ትሰጣለህ።»

ችግሩ ሳሙና ነበር። በዚያን ጊዜ ሳሙና የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ነው፤ በየወሩ ለአንድ ቤት አንድ፣ እሱም ከመጣ። የማህበሩን የጥሬ ዕቃ መጠየቂያ የምጽፈው እኔ ነኝና በዝርዝሩ ውስጥ ሳሙና ጨመርኩበት። የማህበሩ ሰብሳቢ በኮሚቴው ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። «ሳሙና? ለቀጥቃጭ?» አለና ሰረዘው። ኮሚቴው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከቢሮው እስከ ምድጃው አምሳ ርምጃ አይሞላም። ኑና እዩ ብል ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። እንዳይስቁብኝ ፈራሁ። ደግሜ አልጻፍኩም። ለጋሽ ይማም ስነግራቸው፣ «ተወው፤ ከቤት ይመጣል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ከቤት ይመጣ ጀመር።

ቤታቸው ውስጥ አምስት ልጆች ነበሩ። ባለቤታቸውን እትዬ ዘሃራን አንድ ቀን ሮቢ ወንዝ ዳር አገኘኋቸው፤ የልጆቹን ልብስ በእንዶድ እያሹ ነበር። ሰላም ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «ያንተ ቆርቆሮ ወላሂ ከኔ ልጆች ይበልጥ ንጹሕ ነው» አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሳቅኩ።

ድርቁ በጠናበት ዓመት ለእርዳታ ጣቢያ ጎድጓዳ ሳህን ታዘዝን። ብዙ ነው፣ ጊዜውም አጭር። ጋሽ ይማም የቤታቸው ሳሙና እንደማይበቃ ገባቸው። ስለዚህ ከሥራ ሲመለሱ በቤታቸው ጓሮ፣ የተበሱ የሰፈር አሉሚኒየም ድስቶችን ቆርጠው ጭልፋ ይሠሩና ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ ጎረቤት በምትኩ ሳሙና ይሰጣቸዋል። አንድ ቀን ቤታቸው ወስደው ከአልጋቸው ሥር አንድ ከረጢት ጎትተው አሳዩኝ። አሥራ አራት ሳሙና። ልጅ የሚያሳዩኝ ይመስል ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ለሳህኖቹ ይበቃል ኢንሻአላህ» አሉኝ። «ከእንግዲህ የእጃችን ነገር ብቻ ነው።»

እንግዲህ በዐይኔ አይቻለሁ። ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ።

ሳህኖቹ መቆለል ሲጀምሩ ከአውራጃ አንድ ባለሥልጣን ሊጎበኘን መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ሳህኑን አንስቶ እያገላበጠ፣ ያለ መገጣጠሚያ፣ ያለ ስንጥቅ እንዴት እንደወጣ ገረመው። «በምን ዘዴ ነው የምትሠሩት?» ብሎ እኔን ጠየቀ። ካሊፐሩ ከኪሴ ወጣ ብሎ ይታይ ስለነበር ይሆናል።

ጋሽ ይማም ሁለት ርምጃ ርቀው መዶሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ወደ እሳቸው ማመልከት ነበረብኝ። ይልቅ ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ አሉሚኒየሙ በተመጠነ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከዳር ወደ መሀል በተከታታይ ይቀረጻል፣ ምንትስ እያልኩ ከመጽሐፌ አነበነብኩለት። ሳሙና የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የገጠሬ ነገር መሰለኝና ዋጥኩት።

«ይኼ ያንተ ሐሳብ ነው?» አለኝ።

«በትምህርት ያገኘሁት ነው» አልኩት።

ጋሽ ይማም አዩኝ። ከዚያ ዐይናቸውን ወደ ሳህኑ መለሱና፣ «ቴክኒኩ ጎበዝ ነው» አሉ። ሰውየው ስሜን በማስታወሻው ጻፈ። በሳምንቱ ለውጭ አገር ትምህርት የሚሞላ ቅጽ ደረሰኝ።

ቅጹ ኪሴ ውስጥ እያለ ነው የቀበሌ ጥበቃዎች ሸቀጥ የደበቀ ለመያዝ ቤት ለቤት ፍተሻ የጀመሩት። ጋሽ ይማም ቤት የገቡት ጠዋት ነው። ስኳር የለ፣ ጨው የለ፤ ከአልጋ ሥር ግን ያ ከረጢት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ነዋሪው በሙሉ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ። ሳሙናዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል።

የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ሕዝቡ በእንዶድ እያጠበ ይኼን ሁሉ ሳሙና ምን ልታደርገው ነው ያከማቸኸው?» አላቸው።

«ለሥራ ነው፤ አሉሚኒየሙን ሳሞቅ እቀባዋለሁ» አሉ ጋሽ ይማም።

ከኋላ አንዱ፣ «አሉሚኒየም ገላውን ይታጠባል እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ይማም ራሳቸው ፈገግ አሉ፤ ቀልድ የሚያልፋቸው ሰው አልነበሩም። አልፈሩም ነበር። ዐይናቸውን በሕዝቡ ላይ አዞሩና እኔ ጋ ሲደርሱ አረፍ አደረጉት።

«ቴክኒኩ ይጠየቅ» አሉ። «እሱ ያውቃል።»

ሊቀመንበሩ አስነሳኝ። «ጓድ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ለአሉሚኒየም ሥራ ሳሙና ያስፈልጋል?»

ስንት ነገር በአንድ ጊዜ በአእምሮ ያልፋል። የአውራጃው ሰው ማስታወሻ አለፈ። ሳሙና ያስፈልጋል ብል፣ ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርክም፣ ሐሳቡስ የማን ነው፣ መባሉ አለፈ። የኪሴን ቅጽ በጨርቁ ላይ ዳበስኩት።

«በዘመናዊው አሠራር ሳሙና አያስፈልግም» አልኩ።

አልዋሸሁም። ዛሬም ማንም መሐንዲስ ብትጠይቁ እንዲሁ ይላችኋል። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ መጠየቁ ይቀለኝ ነበር፤ ውሸት ስም አለው። የኔን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው እስካሁን አላገኘሁም።

ጋሽ ይማም ቆመው አዩኝ። «የተማረ ይግደለኝ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። አላሉም። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስድስት ወር ታሰሩ። ከማህበሩም ተባረሩ። ከአዳራሹ ስንወጣ በሩ ላይ አንዱ «ይማም ሳሙና» ሲል ሰማሁ፤ ከኋላው ያሉት ሳቁ፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

የተወረሰው ሳሙና ለማህበሩ አባላት ተከፋፈለ። ለእኔ የደረሰኝ ያገለገለው ነበር፤ ጥጉ በቆርቆሮ ተሞርዶ ክብ ሆኗል፤ ገጹ ላይ የአሉሚኒየም ግራጫ መስመር ተጋድሟል። ያ ሳሙና አዳራሹ ውስጥ በሁሉም ፊት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማንም ሰው አንስቶ ቢያየው ጋሽ ይማም እውነት መናገራቸውን ያውቅ ነበር። ማንም አላነሳውም። እኔም ያነሳሁት ለራሴ ሲደርሰኝ ነው።

ሳህኖቹ አላለቁም ነበር። ያለ ሳሙና ሞከርኩ፤ ግማሹ ተሰነጠቀብኝ፣ ግማሹ ቀለጠብኝ። የርክክቡ ቀን ደረሰ። አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ እያለ የኋላውን በር ዘጋሁና፣ የእሳቸውን ሳሙና በእሳቸው ግንድ ላይ፣ የእሳቸውን መዶሻ ይዤ ሥራ ጀመርኩ። አሸሁ፣ አሞቅኩ፣ ሲጠቁር አነሳሁ። በዘመናዊው አሠራር አያስፈልግም ያልኩት ሳሙና እስኪያልቅ ድረስ። የሠራኋቸው ሳህኖች ከንፈራቸው የተጨማደደ ነበር፤ ግን ገንፎ ይይዛሉ። ተመሰገንኩ።

ውጭ አገር ሄድኩ። እዚያ ያየሁትን አልክድም፤ ድንቅ ነገር ነው። ዘይት ከላስቲክ ሽፋን ጀርባ ታምቆ ቆርቆሮውን ወደ ቅርጹ ይገፋዋል፤ ጋሽ ይማም ግማሽ ቀን የሚለፉበት ጎድጓዳ ነገር በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ከአሉሚኒየም በጣም የሚጠነክር ብረት በታሸገ ምድጃ ውስጥ ግሎ፣ በጋዝ ግፊት እንደ ፊኛ ሲነፋ አይቻለሁ። አንድ ቀን ታዲያ የምድጃው ሙቀት መለኪያ ተበላሸ። ሽማግሌው አሠልጣኛችን ሄዶ ከእጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና አንስቶ መጣና ቆርቆሮው ላይ አሸው። ተማሪዎቹ ሳቁ። «መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት አያቶቻችን የሚሠሩት በዚህ ነበር» አላቸው፤ ደረቱን ነፍቶ ነው የተናገረው። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። እስኪጨርስ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።

ስመለስ ጋሽ ይማም ከእስር ከወጡ ቆይተዋል። አስፋልቱ ዳር፣ ከአንዲት ግራር ሥር ተቀምጠው የተበሳ ድስት ይደፍናሉ። ላልፋቸው አስቤ ነበር። «ቴክኒኩ» ብለው ጠሩኝ። ተነሥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ባለ ሙያ ባለ ሙያውን እንደሚጠይቀው ጠየቁኝ።

«እዚያ አገር በምን ያለሰልሱታል?»

«በማሽን ነው፣ ጋሼ።»

«ሙቀቱንስ በምን ያውቁታል?»

«በመለኪያ።» ስለ ሽማግሌው አሠልጣኝ ላወራላቸው እችል ነበር። ያን አንድ ነገር ብነግራቸው ምን ያህል ደስ ይላቸው እንደነበር ዛሬ ሳስበው ይቆረቁረኛል።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ ነው» አሉ። «ሳሙናው ለልብስ ይተርፋቸዋል።»

ከፊታቸው ላይ ምጸት ፈለግኩ። አልነበረም። በር ከፍተውልኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ጋሼ በድዬዎታለሁ ብል ያልቅ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም አልኩ። የኔ ዝምታ ነቅዟል፤ ሰው ባያየውም እኔ እሰማዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁና ከተማውን ለቀቅኩ፤ ሥርዓቱም ወደቀ፤ ማህበሩም ፈረሰ። እሳቸው እዚያው ግራር ሥር ቀሩ።

መሞታቸውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ወረድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አንዳንዶቹን ፊቶች ከዚያ አዳራሽ አውቃቸዋለሁ፤ ፀጉራቸው ነጥቷል። እኔ ግን በቀጥታ ወደ ቤት ገብቼ እትዬ ዘሃራ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዐይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። አንደበቴን እንደምንም ፈታሁና ነገርኳቸው። ከረጢቱን ማየቴን፣ በአውራጃው ሰው ፊት ያልኩትን፣ አዳራሹ ውስጥ ያልኩትን፣ በኋላም በዚያው ሳሙና መሥራቴን ሳይቀር። ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ «እኛ እኮ ያኔውም እናውቃለን» አሉኝ። «አጠገቡ ሁለት ዓመት ተቀምጠህ አላየሁም ልትል ነው? እሱ ግን አይወቅስህም ነበር። ‹ልጅ ነው፤ ፈራ› ብሎ ተወው። እኔም አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበልህ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ።

«ለኔ መንገርህ ምን ያደርግልኛል? ልጄ አርባ ዓመት አልፎት ገበያ ላይ ሲጣላ ‹የሳሙና ሌባ ልጅ› ይሉታል። ያኔ የነበሩት ሁሉ ውጪ ተቀምጠዋል። ሂድና አንድ ቃል ተናገርላቸው። ሳሙናው ለሥራ ነበር በል። ሌላ አልፈልግም።»

ወጣሁ። ዱዓው አልቆ ሰዉ ስለ ሟች በየተራ እየተናገረ ነበር። እኔም ተነሣሁ። ዝም አሉልኝ፤ የተማረ ሰው ሲናገር ዝም ይላሉ። በቤቱና በድንኳኑ መሀል ያለው መጋረጃ ጫፉ በትንሹ ተገለጠ፤ እትዬ ዘሃራ እያዳመጡ እንደሆነ አወቅኩ። ልጃቸው መግቢያው ላይ የእጅ ማስታጠቢያ ይዞ ቆሟል፤ አባቱ ከአንድ ቆርቆሮ ያወጡት ነው፤ መገጣጠሚያ የለውም።

«ጋሽ ይማም ጥሩ ሰው ነበሩ» አልኩ። «ሙያተኛ ነበሩ። አላህ ነፍሳቸውን በጀነት ያኑርልን።»

ሰዉ «አሚን» አለ። ተቀመጥኩ። መጋረጃው ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ዘሃራን አላየኋቸውም። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ልጃቸው ግን ይችላል። ይህን ጽሑፍ የምልከው ለሱ ነው፤ ለእናቱ ያንብብላቸው፤ ከፈለገም ገበያ መሀል ቆሞ ያንብበው። በሁለቱም ጊዜ በሰው ፊት ቆሜ ያልተናገርኳት ቃል ይህች ናት፤ ሳሙናው ለሥራ ነበር። አውቅ ነበር።